ፀሐይ ሳትጠልቅ የበራው ፋኖስ

ሐምዱን የሚናራውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። የዘይት ቅሉ ከጭኑ ጋር ይላተማል፤ በአንገቱ ያንጠለጠለው ቁልፍ ደረቱን ይደበድበዋል፤ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። የአምሳ አምስት ዓመት ጾመኛ እንዲህ አይሮጥም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ደረጃ ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግድግዳውን እየዳበሰ፣ በየቀዳዳው እየቆመ፣ ጉልበቱን እየረገመ ሲወጣ ነው። ዛሬ ግን የሚያስሮጥ ነገር ተገኘ። እንዳሉሳዊው ወጥቷል፤ ደብተሩ ብቻውን ቀርቷል።

የሐምዱን ሥራ ላልገባው ሰው ቀላል ነው፤ ቀን ነጭ ባንዲራ መስቀል፣ ሲመሽ ፋኖስ ማብራት። ፋስ ግን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። የታችኛው ሰፈር ሙአዚኖች ፀሐይ ስትጠልቅ አያዩዋትም፤ ገና ሳትጠልቅ ኮረብታው ይሸፍናታል። ስለዚህ ዓይናቸውን የሚተክሉት በታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ ነው። ፋኖሱ ሲበራ የቅርቡ ሙአዚን «አላሁ አክበር» ይላል፣ ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ወዲያ ሚናራ ከሚናራ እየተቀባበለ ከተማው በድምፅ ይሞላል። በረመዳን ደግሞ ያ ብርሃን ማለት ተምር ወደ አፍ፣ ውሃ ወደ ጉሮሮ ማለት ነው። የከተማው ገዥ እንኳ፣ ያ ሁሉ ወታደርና ፈረስ ያለው ሰውዬ፣ ሐምዱን ካላበራ አንዲት ጉንጭ ውሃ አይጠጣም። ሐምዱን ይህን ለሰው አይናገረውም እንጂ ሌት ተቀን ያስበዋል።

ሐምዱን ጠርጣራ ነው። ይህን ስል ስሙን እያጠፋሁ አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። ወተት ሻጩን ውሃ ቀላቀልክበት ይለዋል፤ ውሃ ሻጩን ደግሞ ምን ቀላቀልክበት ብሎ ያፋጥጠዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትለው የነበረችው እናቱ ናት፤ እሷም የልጇን ሚስት ስትጠረጥር ኖራ ነው የሞተችው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው እንግዲህ አላህ በአንድ ዓመት ሁለት ነገር ያመጣበት፤ እንዳሉሳዊውንና ጅራታሙን ኮከብ።

እንዳሉሳዊው ሲዲ ሙፈሪጅ ይባላል። የቀድሞው ሙወቂት፣ የሰላት ሰዓት ጠባቂው ሽማግሌ፣ በጸደይ ሲሞቱ ከግራናዳ ተሰዶ የመጣው ይህ ቀጭን ሰው ተተካ። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ሐምዱንን «አንተ ፋኖስ» እያለ ሲጠራው እሱ እንደ አጎቱ አክብሮ «ዐሚ ሐምዱን፣ እንደምን አደሩ?» ይለዋል። ነገሩ ሐምዱንን ከነከነው። ለፋኖስ አብሪ «አደሩ» የሚል ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አለ።

ኮከቡ የመጣው ደግሞ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ በሂጅራ በዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስተኛው ዓመት። ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ በኩል ብቅ አለ፤ ከኋላው የተዘረጋ ነጭ ጭራ አለው። ከተማው በአንድ ምሽት ሊቅ በሊቅ ሆነ። አንዱ ቸነፈር ነው አለ፣ አንዱ ድርቅ ነው አለ፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሱልጣኑ ዙፋን ነው አለ። አምና ከዙፋኑ የወረደው ልዑል ወደ ፖርቱጋሎቹ ምሽግ ሸሽቶ ጦር እየለመነ መሆኑን ያልሰማ አልነበረም። የተማሩት ደግሞ ኮከብ አይደለም፣ ከምድር የወጣ ደረቅ ጭስ ከጨረቃ በታች እሳት ይዞት ነው፤ የወጣበትን አገር አየር ይመርዛል እያሉ ያስተምሩ ነበር። የከተማው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ሆነ፤ ጭሱ የወጣው ከማን አገር ነው? ከእኛ ከሆነስ?

ረመዳን በገባ ማግስት የገዥው ጸሐፊ ሲ ጀሉል ሐምዱንን ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ መንገድ ጠራው። ሽታው ሰው የማያስጠጋ ስለሆነ ለምስጢር የሚመች ቦታ ነው።

«ያ ጌታህ ማታ ማታ ምን ይጽፋል?» አለው ጀሉል፣ አፍንጫውን በእጅጌው እንደያዘ።

«ምን አውቄ ሲዲ። ኮከቡን ያያል፣ ይጽፋል። ሊጠልቅ ሲል ደግሞ ያያል፣ ይጽፋል።»

«በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አንድ ኮከብ ሁለት ጊዜ ማየት ምን ያደርግለታል? ሰው የሆነ ሰው አንዴ አይቶ ‹አስተግፊሩላህ› ብሎ ይተኛል። ያ የሚይዘው እንጨትስ?»

ሐምዱን ግራና ቀኙን አየ። «መስቀል ነው፣ ሲዲ። በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። ሲያወጣው ወደ ዓይኑ ያስጠጋዋል።»

«ይሳለመዋል በለኛ!»

«ሲሳለመው አላየሁም። ዋሽቼ ምን ላገኝ? ወደ ዓይኑ ነው እንጂ ወደ ከንፈሩ አይደለም።»

«ዛሬ ዓይን፣ ነገ ከንፈር። በደብተሩ ያለውን እየው። ቁጥር ነው? ስም ነው? የጦር ብዛት ነው? አይተህ ንገረኝ።» ጀሉል ሊሄድ ዞረና ቆመ። «ለመሆኑ ፋኖሱን ላገሩ ልጅ ሊሰጥብህ መሆኑን ሰምተሃል?»

ሐምዱን ክው አለ። ፋኖሱ የአባቱ ነበር። ያ ወሬ እንደ እሾህ ተሰካበት፤ ውሸት ይሆን ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። ወተቱን የሚጠረጥር ሰው ይህን እንዳለ ጠጣው።

አሁን እንግዲህ የረመዳን ሦስተኛ ቀን ነው፤ ሐምዱንም ከላይኛው ክፍል ደርሶ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ሙፈሪጅ ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሰላት በኋላ የአሸዋውን ሰዓት ገልብጦለት ወደ ኮረብታው ወጥቷል።

«ኮከቡ በጣም ስለደመቀ ፀሐይ ሳትጠልቅም የሚታይ ይመስለኛል፤ ከከፍታ ላይ ልሞክረው» ብሎት ነበር። «አሸዋው ሲያልቅ በደረጃው ቀዳዳ ፀሐይዋን ያረጋግጡና ያብሩ። በእርስዎ አምናለሁ፣ ዐሚ ሐምዱን።»

አምናለሁ! ማን ነው በዚህ ዘመን ፊት ለፊት «አምናለሁ» የሚል? እዚህ ነገር ውስጥ ነገር አለ አለ ሐምዱን በሆዱ።

ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣው። ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮት ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ጥላው በኩል ነው የምታየው። ጽሕፈቱ የጉንዳን እግር ያክላል። ሐምዱን ቁርአኑን ተምሯልና ፊደል አያጣም፤ ፊደሎቹን አያቸው፣ ቃል ግን አይሆኑም። ያ የተባለው ፊደል ከካፍ፣ ላም የተባለው ከባ ጋር፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ምስጢር ነው!

ዓይኑ አልረዳው አለ። ብርሃን ያስፈልጋል። በክፍሉ ያለው ብርሃን ደግሞ ፋኖሱ ብቻ ነው፤ እሱም በሰንሰለት መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ስለሆነ ከቦታው አይነሳም። ሐምዱን አሰበ። በርኖሱን አወለቀና በፋኖሱ የውጭ መስታወት ላይ ጋረደው። ከአራቱ ክሮች አንዱን ብቻ ለኮሰ፣ በአውራ ጣቱ አሳጠረው፣ ደብተሩን ከብርሃኑ ሥር ዘረጋ። የትናንቱን ገጽ አገኘ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊደሎቹን በቃሉ ሊይዝ ሞከረ። ምን ያህል እንደቆየ አላወቀም። ያወቀው በርኖሱ ከእግሩ ሥር ወድቆ ሲያየው ነው።

ወዲያው ከታች፣ ከጨርቅ አቅላሚዎቹ ሰፈር፣ አንድ ድምፅ ተነሣ። «አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር!»

ሐምዱን ዞር አለ። አሸዋው ገና ይፈስሳል። ወደ ደረጃው ቀዳዳ ሮጠና አጮለቀ። ፀሐይ ከኮረብታው በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላ፣ ቀይ ሆና ተቀምጣለች።

«ኧረ በአላህ! ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። ማን ይሰማዋል? ሁለተኛው ተቀበለ፣ ሦስተኛው ተቀበለ፣ ከወንዙ ማዶ አሥረኛው ተቀበለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ነው፤ አንዱም ቀና ብሎ ሰማዩን አላየም። ከታች ከተማው ሙሉ፣ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ወታደሩ፣ ሁሉም «ቢስሚላህ» ብሎ ተምሩን ሲጎርስ ታየው። ሃያ አራት ዓመት! ሐምዱን ደረጃው ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ሲወርድ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከላይኛው ሰፈር ፀሐይዋን በዓይናቸው እያዩ አዛኑን የሰሙት ጉድ እያሉ መጥተዋል። ከመሐላቸው ጀሉል ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ወታደሮች።

«ማን ነው አብራ ያለህ?» አለ ጀሉል።

እዚህ ላይ ነው ሐምዱን የጠፋው። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሰዎቹን ዓይን አየ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«በአሸዋው ነው ያበራሁት፣ ሲዲ። አሸዋውን የገለበጠው እሱ ነው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ኮረብታው ላይ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጀሉል ሌላ አልጠየቀም፤ የፈለገውን አግኝቷል። ሙፈሪጅን አዛኑ ግራ አጋብቶት ከኮረብታው እየሮጠ ሲወርድ በከተማው በር ላይ ያዙት። መስቀሉም በእጁ ነበር።

ማታ ሚስቱ ረሕማ ሐሪራውን አቀረበች። ሐምዱን አንድ ጊዜ ጨለፈና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሾርባው ምን አደረገህ? ጨው በዛበት?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምንድነው? ሰፈሩ ሁሉ እንዳሉሳዊው ነገ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ከከተማው በር ላይ ይሰቀላል እያለ ነው። ጠርጥሬው ነበር ስትለኝ አልነበር እንዴ? እንኳን ደስ ያለህ!» ፊቱን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «አንተዬ፣ አሸዋ ይሳሳታል እንዴ?» አለችው።

ሐምዱን ሌሊቱን ሙሉ ጣራውን ሲያይ አደረ።

ጠዋት ከመስጊዱ ጎን ባለው ክፍል የከተማው ዳኛ፣ ቃዲው፣ ለፍርድ ተቀመጡ። ሰውነታቸው ያረጀ፣ ዓይናቸው ግን ያላረጀ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ደብተሩና መስቀሉ ተቀምጧል። ጀሉል ቆሞ ዘረዘረ፤ እንግዳ ሰው፣ ከክርስቲያን አገር የመጣ፣ መስቀል የያዘ፣ በምስጢር የሚጽፍ፣ በረመዳን ሥራውን ትቶ ኮረብታ የወጣ፣ ሰዓቱን አዛብቶ የአንድ ከተማ ጾም ያስፈታ። ወደ ፖርቱጋሎቹ ለሸሸው ከሃዲ ልዑልም ምልክት የሰጠ መሆን አለበት። «ገዥው ፍርዱን እየጠበቁ ነው» ብሎ ጨረሰ። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የበሩ ላይ ብረት ራስ ከጠማው ሰንብቷል።

ቃዲው እንጨቱን አነሡ። «ይህ ምንድነው፣ ሙፈሪጅ?»

«መለኪያ ነው፣ ሲዲ። ረጅሙን ከዓይንዎ ሥር ያደርጉታል፤ አጭሩን ወዲያና ወዲህ ይገፉታል። በሁለት ኮከቦች መካከል ያለውን ርቀት ይነግርዎታል።»

ቃዲው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አጭሩን እንጨት ገፋ አደረጉ፣ በጀሉል ግራና ቀኝ ጆሮ ላይ ለኩት። «ሰፊ ነው» አሉና አስቀመጡት። አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነው። «ፊደሎቹስ በቁጥር ቦታ የተጻፉ ናቸው፤ ልጅ ሳለን ተምረነዋል። የምን ቁጥር ነው?»

«የኮከቡ። የሚበረው ንስር ከሚባለው ኮከብ ምን ያህል እንደሚርቅ። ሲመሽ አንድ ጊዜ፣ ሊጠልቅ ሲል አንድ ጊዜ።»

«ለምን ሁለት ጊዜ?» አለ ጀሉል። «ይህን ይንገረን!»

ሙፈሪጅ ሌሊቱን በሰንሰለት አድሯል፤ ድምፁ ሻክሯል። ጥያቄውን ሲሰማ ግን ፊቱ በራ። ሐምዱን ያን አየ፤ ሞት ፊቱ ቆሞ ስለ ኮከብ ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው አይቶ አያውቅም።

«ሲዲ፣ አውራ ጣትዎን እንዲህ ከፊትዎ ያንሡ። በመስኮቱ የዘላግን ተራራ ያዩታል? አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን ያንን ከፍተው ሌላውን ይጨፍኑ። ጣትዎ ዘለለ?»

ቃዲው ጣታቸውን አንሥተው አንዱን ዓይን ጨፈኑ፣ ሌላውን ከፈቱ። «ዘለለ።»

«ተራራውስ?»

«ተራራውማ እንደቆመ ነው።»

«ቅርብ ያለ ነገር ይዘልላል፤ ሩቅ ያለ ነገር አይዘልልም። ኮከቡን ሲመሽ ከፍ ብሎ አየዋለሁ፣ ሊጠልቅ ሲል ዝቅ ብሎ አየዋለሁ፤ ሁለቱ ሰዓቶች ሁለቱ ዓይኖቼ ናቸው። ጨረቃ በዚህ መንገድ ስትታይ ትዘልላለች፤ ቅርብ ናትና። ጭሱ ከጨረቃ በታች ቢሆን ደግሞ ከእሷ ይበልጥ በዘለለ ነበር። የራሱን እርምጃ ቀንሼ ሳየው፣ ኮከቡ አልዘለለም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን አንሥቶ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ነበር። ወታደሮቹ፣ ምስክሮቹ፣ ጀሉል ሳይቀር። ሐምዱን ብቻ አውራ ጣቱን በእጅጌው ውስጥ ደብቋል።

«እንግዲያ ከጨረቃ በላይ ነው?» አሉ ቃዲው።

«በጣም በላይ።»

«ስለዚህ ከእኛ ምድር የወጣ ጭስ አይደለም።»

«ከማንም ምድር አልወጣም፣ ሲዲ። ከእኛም፣ ከፖርቱጋልም። ጅራቱም ወደ ማንም ቤት አይጠቁምም፤ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒው ነው የሚዞረው።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«አላውቅም» አለ ሙፈሪጅ። «ከሩቅ ነው የመጣው፤ እያለፈ ነው። ማነህ ብሎ የሚጠይቀው እስካሁን አላገኘም፤ ሁሉም ምን ልታደርገን መጣህ ነው የሚለው።»

ቃዲው ጺማቸውን ዳሰሱ። «ኮከቡን ተወው። ጾሙ ግን ፈርሷል። አሸዋውን አስመርምሬዋለሁ፤ ደህና ነው። ትናንት ከአንተ ሌላ ከዚያ ክፍል የገባ አለ?» ብለው የተነካካ ነገር እንዳለ እንዲያይ ደብተሩን ወደ እሱ ገፉት።

ሙፈሪጅ የትናንት በስቲያውን ገጽ ገለጠ። እጁ ቆመ። በገጹ ጥግ ላይ የዘይት ጠብታ አለ፤ ከጎኑ ጥቁር የጥላሸት አሻራ፣ የአውራ ጣት ሙሉ አሻራ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ሐምዱንን አየው። ከፊቱ ወደ እጅጌው፣ ከእጅጌው ወደ ፊቱ። አለቀልኝ አለ ሐምዱን በሆዱ። አሁን ይጠራኛል።

ሙፈሪጅ ደብተሩን ዘጋው።

«መልስ እንጂ!» አለ ጀሉል።

«ሲዲ ቃዲ፣» አለ ሙፈሪጅ፣ «በአገሬ የቤተ ክርስቲያኑ መርማሪዎች ሲይዙን መጀመሪያ የሚጠይቁን ምን አደረግህ ብለው አልነበረም። ስም ጥራ ነበር የሚሉን። ጎረቤቴ የአባቴን ስም ጠራ፤ አባቴ ስቃዩ ሲብስበት የአጎቴን ጠራ። መንደራችን በእሳት ሳይሆን በስም ነው ያለቀው። ባሕሩን ስሻገር ለአላህ አንድ ቃል ገብቻለሁ። ስም አልጠራም።»

«የራስህ አንገት ቢሆንም?» አሉ ቃዲው።

«የራሴም ቢሆን።»

«እንግዲያ ጥፋቱን ተቀበለ!» አለ ጀሉል። «ጻፍ!» አለው ለቃዲው ጸሐፊ።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ ሐምዱን ሰማው። ይህን ሰው ወር ከወር፣ ቀን ከቀን ጠርጥሮታል፤ ሰላምታውን፣ እንጨቱን፣ ደብተሩን፣ «አምናለሁ» ያላትን ቃል ሳይቀር። አሁን ያ ሰው ስለ እሱ ሲል የራሱን አንገት ሰጥቶ ቆሟል። በክፍሉ ውስጥ አንድ የሚጠረጠር ሰው ቢኖር ራሱ ሐምዱን ነው።

ሳያስበው ተነሣ። ወደ ፊት ሄደ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበና በሃያ አራት ዓመት የክር ጥላሸት የጠቆረ አውራ ጣቱን በአሻራው ላይ አስቀመጠ።

«የእኔ ነው፣ ሲዲ» አለ። «ደብተሩን ልሰልል ነው የገባሁት። ጨለመብኝ፤ ፋኖሱን ለኮስኩ። በበርኖሴ ጋርጄው ነበር፤ ወደቀ። አሸዋው ገና ነበር፣ ፀሐይዋም ገና ነበረች። ትናንት ማታ ዋሽቻለሁ።»

ጀሉል ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ላከህ?» አሉ ቃዲው።

ሐምዱን ወደ ጀሉል ዞር አላለም። ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ፤ ሙፈሪጅ ሲያየው ታወቀው፤ ዋጠው። «ጥርጣሬዬ ነው የላከኝ» አለ። «ከእናቴ የወረስኩት ነው።»

ቃዲው ጀሉልን ትክ ብለው አዩት፤ ነገሩ እንደገባቸው በክፍሉ ያለው ሁሉ አወቀ። «ሲ ጀሉል፣ ለገዥው ንገርልኝ፤ ኮከቡ ከጨረቃ በላይ ስለሆነ ልንይዘው አንችልም። ሰዓት ጠባቂውን ፍቱት። ትናንት ቀድሞ ጾሙን የፈታ ሁሉ ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ይጾማል።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ሐምዱን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

ሐምዱን ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ። የአባቱ ላብ ያለሰለሰው ቁልፍ ነው። ሲሰጥ አለቀሰ። ሙፈሪጅ ከአጠገቡ ሲያልፍ «ዐሚ ሐምዱን» ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገውና ሄደ።

የዚያን ቀን አመሻሽ ሐምዱን ተምሩን በመዳፉ ይዞ በጨርቅ አቅላሚዎቹ ሰፈር፣ ከትንሿ መስጊድ ፊት ቆመ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ከታች ሆኖ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ነው።

«ሐምዱን፣ ዛሬስ ምሳ በላህ?» አለው ዳቦ ጋጋሪው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ከዒድ በኋላ የምጾማትን ቀን አንተ ትጾምልኛለህ፣ ሰማህ?» አለች አንዲት አሮጊት።

«እጾማለሁ፣ እናቴ» አላት። የምሩን ነበር።

ፀሐይ አትታይም፤ ኮረብታው ሸፍኗታል። ሐምዱን የቆየው ጥርጣሬ ተነሣበት። አሁን ፋኖሱን የሚያበራው ሙፈሪጅ ሊበቀለኝ ቢፈልግስ? እኔን ለማሳጣት ቀድሞ ቢያበራስ? ቢያዘገይስ? ይህን እያለ ሳለ ከላይ፣ በሚናራው መስኮት፣ ፋኖሱ በራ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ሙአዚኑ በትንሿ መስጊድ ጣሪያ ላይ እጁን ከጆሮው አድርሶ አፉን ሳይከፍት ቀረ። ወደ ፋኖሱ አየ፣ ወደ ጨለመው ኮረብታ አየ፤ ትናንት ፋኖሱን አምኖ የተቃጠለ ሰው ነው። ጋጋሪው ተምሩን ከከንፈሩ መለሰ። አሮጊቷ የውሃ ገንቦዋን እንደያዘች ቆመች። ሚናራ ሁሉ ጸጥ አለ፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። አንድ ሰው ብቻውን የሚጠረጥረው ነገር አሁን የከተማው ሁሉ ሆነ።

«ሐምዱን!» ብሎ ሙአዚኑ ከጣሪያው ወደ ታች ጮኸ። «አንተ ነህ የምታውቀው፣ እውነት ነው? ጠልቃለች?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከቆመበት ፀሐይ አትታይም፤ አሸዋውም የለም፤ ቁልፉም የለም። ከእጁ ያለው አንዲት ተምር ናት።

«ቢስሚላህ» አለ ሐምዱን፤ ሁሉም እያዩት ተምሯን ጎረሰ።